«ቴስታው ሄዷል» ከመባሉ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ውስጥ መኪና እየነዳ «ቴስታ» የሚለውን ቃል በፍርሃት ያልሰማ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም። ከአዋሽና ከመተሐራ ቆላ ጭኖ ሽቅብ የሚመጣው ከባድ መኪና እዚህ ደርሶ ነው ትንፋሽ የሚሰበስበው። በክፍያ መንገዱ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሚኒባስም 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል፣ ያውም በፍጥነት። ሙቀቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ታዲያ ጋራዥ በር ላይ ኮፈን ተከፍቶ ሰው ሲሰበሰብ ምክር አይጠፋም። ችግሩ ከምክሩ ብዙው ኪስ አራጋፊ መሆኑ ነው።

ለማያውቀው፣ ቴስታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው። ሲሊንደሮቹን ከላይ ይዘጋል። ቫልቮቹ፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ፣ በናፍጣ መኪና ደግሞ ነዳጁን የሚረጨው ኖዝል እሱ ላይ ነው የሚገጠሙት። ውስጡ ውሃና ዘይት የሚያልፍበት መንገድ አለው። በቴስታውና ሲሊንደሮቹን በያዘው የሞተር አካል፣ በብሎኩ፣ መካከል ጓርኒሲዮን የሚባል ማሸጊያ ይገባል። እሳቱ፣ ውሃውና ዘይቱ ሳይገናኙ የሚቆዩት በዚህ ስስ ነገር ነው።

የኔ አቋም አጭር ነው። ቴስታ በራሱ ጊዜ እምብዛም አይሞትም፤ የሚገድለው አለ። ገዳዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቴስታው ጋር ሲተያይ ዋጋው ከቁጥር የማይገባ ዕቃ ነው። እሱ ሳይገኝ አዲስ ቴስታ መግዛት ሁለተኛውን ለመግዛት መመዝገብ ነው።

«ውሃ አፈላ፤ በቃ ቴስታው ሄዷል»

አይደለም። መጀመሪያ የራዲያተር ክዳኑን እዩ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ድስት ላይ የተጣደ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ እንዲያውም 92 አካባቢ ነው። ሞተር በሰላም ቀን የሚሠራው ደግሞ በ90 ዲግሪ ግድም። በመሃል የቀረው አራት ዲግሪ ነው እንግዲህ።

ያንን ጠባብ ልዩነት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ብዙ ክዳን ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፏል። የሚይዘውን ግፊት ነው የሚናገረው። ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጎማው ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ይገነፍላል፣ ሰው ይደነግጣል። ቴስታው ግን ገና ምንም አልሆነም።

ከክዳኑ ቀጥሎ ፋኑ፣ ቱቦዎቹ፣ የውሃ ፓምፑ፣ የራዲያተሩ መደፈን ይታያል። ራዲያተሩ ፊት ላይ አቧራና ነፍሳት ተጋግሮ አየር የማያሳልፍ መኪናም አይቻለሁ። የአዳማን ነፋስና አቧራ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም።

ነጭ ጭስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ውስጥ ያደረ እርጥበት ተንኖ ሊወጣ ይችላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ፣ ውሃውም የትም ሳይፈስ ከጎደለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የዘይት መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለም ያስፈራል። እሱም ቢሆን የዘይት ማቀዝቀዣው አፍስሶ ሊሆን ይችላል።

ቴስታ ከመነሳቱ በፊት ሦስት ምርመራ ጠይቁ። የሲሊንደሮቹ ኮምፕረሽን (የጭመቃ ግፊት) ይለካ። የውሃው መስመር በፓምፕ ግፊት ተሰጥቶት ይይዝ እንደሆነ ይታይ። ሦስተኛው የራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረገው ሰማያዊ ፈሳሽ ነው፤ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው የሚገባ ከሆነ ቀለሙ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ሦስቱም አንድ ላይ ቴስታ ከማውረድ እጅግ ያነሰ ሥራ ናቸው።

«አንቱፍሪዝ የበረዶ አገር ዕቃ ነው፤ እኛ ምን ያደርግልናል?»

ስሙ ነው ያሳሳተን። አንቱፍሪዝ፣ ማለትም ኩላንት፣ ከመርጋት መከላከሉ ለአዳማ ሰው ምንም ላይጠቅም ይችላል። ግን መፍያውን ከፍ ያደርጋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ዝገትና መበላትን የሚከላከል ቅመም አለው። አልሙኒየም ቴስታ ለዓመታት በቧንቧ ወይም በጉድጓድ ውሃ ብቻ ከሠራ የውሃ ቀዳዳዎቹ ዳር ዳር እየተበሉ ይሄዳሉ። ጓርኒሲዮኑ የሚያርፍበት ቦታ ያልቃል ማለት ነው። ቴስታው ሲነሳ ያ የተበላ ቦታ በዓይን ይታያል። ውሃ መጨመር ግድ ሲሆን የተጣራ ይሁን፤ ኩላንቱም በመመሪያው ልክ ይቀላቀል።

«ቴርሞስታቱን አውጣው፤ ለቆላ አያስፈልግም»

ይህ ምክር ከሁሉም በላይ ተሰራጭቷል፤ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ሐሳቡ የዋህ ነው። ቴርሞስታት (ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ) ውሃ ይዘጋል፣ ስለዚህ ከወጣ ውሃው እንደልቡ ይዞራል፣ ሞተሩም ይቀዘቅዛል ይባላል።

ቴርሞስታት የሚዘጋው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው መካከል መከፈት ይጀምራል። ስለዚህ ደህና ቴርሞስታት ከመተሐራ ሽቅብ በሚወጣ መኪና ላይ ክፍት ነው። ምንም የሚከለክለው ውሃ የለም። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሁለተኛ ሥራ አለው። ሲከፈት በሌላኛው ጫፉ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ ያ አቋራጭ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። የፈላው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ እዚያው ይሽከረከራል። እንዲቀዘቅዝ ብለው ያወጡት ሞተር ዳገት ላይ ይብስበታል።

ሜዳ ላይና ቁልቁለት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ሞተሩ መሥሪያ ሙቀቱ ላይ አይደርስም። ኮምፒውተር ያለው መኪና «ገና ቀዝቃዛ ነኝ» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ሲሊንደሩም ያለጊዜው ይበላል። በዛሬ የነዳጅ ዋጋ ይህን ማን ይፈልጋል?

ተጠርጥሮ ከሆነ ይፈተሽ። በክር አንጠልጥላችሁ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት። አዳማ ላይ ውሃ በ94 ስለሚፈላ የ82ም የ88ም ቴርሞስታት እዚያ ውስጥ መከፈት አለበት። ካልተከፈተ ጣሉትና ቁጥሩ አንድ የሆነ አዲስ ግጠሙ።

«ጌጁ አልወጣም፤ ስለዚህ አልሞቀም»

የሙቀት ጌጅ የሚያነበው ሴንሰሩን የነካውን ውሃ ነው። ቱቦ ፈንድቶ ውሃው ሲያልቅ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀራል፤ መርፌው እንዲያውም ሊወርድ ይችላል። ሞተሩ ግን እየነደደ ነው። ብዙዎቹ ቪትዞች ላይ ደግሞ ጌጅ ጭራሽ የለም፤ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲሞቅ ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላቸው። ቀዩ ከበራ «ሞጆ ደርሼ አየዋለሁ» አይባልም። ዳር ይዞ ማጥፋት ነው።

«ሲፈላ ቶሎ ቀዝቃዛ ውሃ ድፋበት»

አትድፉበት። በጣም የጋለ ቴስታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲገባ ብረቱ ይሰነጠቃል፤ በተለይ በቫልቮቹ መካከል ያለው ቀጭን ቦታ። ትኩስ ክዳን የከፈተ ሰው ፊትና እጁ ምን እንደሚሆን መናገርም አያስፈልግም። ቱቦው በእጅ እስኪያዝ ይጠበቅ። ከዚያ በሃይላንድ የያዛችሁትን ውሃ በቀስታ ጨምሩ።

«ጓርኒሲዮኗን ብቻ ቀይርልኝ»

ጋራዥ ውስጥ በየዕለቱ የሚሰማ ንግግር ነው።

«ወንድሜ፣ ጓርኒሲዮኗን ብቻ ቀይርልኝ። ነገ ሥራ አለኝ።»

«ጋሼ፣ ቴስታው ሳይለካ ብገጥመው ከሳምንት በኋላ እኔኑ ነው የሚረግሙኝ።»

መካኒኩ ልክ ነው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት ብሎክ እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ብሎኖቹ አጥብቀው ይዘውታል፤ መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል። ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። በጎበጠ ቴስታ ሥር አዲስ ጓርኒሲዮን ማስገባት ያንኑ መድገም ነው።

የሚለካው በቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና ክፍተት በሚለኩ ስስ ቅጠሎች፣ በፊለር ጌጅ፣ ነው። በቁመት፣ በአግድም፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ያለውን ነው። አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው። እንግዲህ «በዓይኔ አየሁት፣ ቀጥ ያለ ነው» የሚል ካለ አትስሙት። ብሎኩም በዚሁ መንገድ ይለካል፤ ይህን ብዙዎች ይዘሉታል።

«ቶርኖ ቤት ካስላግነው አዲስ ይሆናል»

ማስላግ፣ ማለትም የጎበጠውን ፊት በማሽን ልጦ ማስተካከል፣ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። እያንዳንዱ ቴስታ ከዚህ በታች መሳሳት የለበትም የሚባል ውፍረት አለው። በተላገ ቁጥር ኮምፕረሽኑ ይጨምራል። ናፍጣ ላይ ቫልቭና ፒስተን ሊገናኙ ይችላሉ። ለዚህም ነው ብዙ የናፍጣ ሞተሮች ውፍረታቸው የተለያየ፣ በቀዳዳ ወይም በጥርስ ምልክት የሚለዩ ጓርኒሲዮኖች ያሏቸው። «ቁጥሩ ይመሳሰላል» ብሎ ያገኙትን መግጠም አይቻልም።

ሌላም አለ። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ቴስታው ላይ ከሆነ ቴስታው ሲጎብጥ የካምሻፍቱ መቀመጫም አብሮ ይጎብጣል። ከታች ብቻ ተልጎ ጠፍጣፋ ቢሆንም ካምሻፍቱ ላይዞር ወይም ሊሰበር ይችላል። ስንጥቅ ደግሞ በማስላግ አይጠፋም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ስንጥቅ በግፊት ወይም በቀለም ይፈተሽ፣ ቀጥሎ ይላግ። ለተሰነጠቀ ቴስታ የማስላጊያ ሂሳብ የከፈለ ሰው ብዙ ነው። ቴስታ መቀየር ያለበት እንግዲህ ስንጥቁ የማይጠገን ሲሆን፣ ውፍረቱ ሲያልቅ ወይም የካምሻፍቱ መቀመጫ ሲበላሽ ነው።

«ብሎን በጠበቀ ቁጥር ጥሩ ነው፤ ትንሽ ሲሊኮን ደግሞ አይጎዳም»

ሁለቱም ይጎዳሉ። የቴስታ ብሎን የሚታሰረው የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ መፍቻ ነው፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ። ሲፈታ ከዳር ወደ መሃል። በብዙ ዘመናዊ ሞተሮች ላይ መጀመሪያ በመጠነኛ ኃይል ይታሰርና ከዚያ በዲግሪ ይዞራል፤ 90፣ ከዚያ አንዳንዴ ሌላ 90። እንዲህ ያለው ብሎን ሆን ተብሎ የሚለጠጥ ነው። አንዳንድ አምራቾች ሁልጊዜ አዲስ ይሁን ይላሉ፤ ቶዮታ በበኩሉ በብዙ ሞተሮቹ ላይ ለክታችሁ መጠኑን ካላለፈ ተጠቀሙበት ይላል። የመኪናው መመሪያ የሚለውን ነው መከተል።

የብሎኑ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። በኮምፕረሰር ነፍቶ ማድረቅ የደቂቃ ሥራ ነው።

ሲሊኮን ጓርኒሲዮኑ ላይ ሲቀባ ከጠርዝ እየተላቀቀ የውሃና የዘይት ቀዳዳ ይደፍናል። መመሪያው ጠብ አድርጉበት የሚላቸው የተወሰኑ ማዕዘኖች አሉ፤ ከዚያ ውጭ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። የድሮውን ጓርኒሲዮን በወፍጮ ዲስክ መፋቅም ሌላ በሽታ ነው። አልሙኒየሙን ይሰረጉደዋል፣ ዱቄቱም ዘይት ውስጥ ገብቶ የኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ብሮንዚና፣ ማለትም ዘንጉ የሚያርፍበትን ስስ ሽፋን፣ ይበላል።

«ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ይሻላል»

አንዳንዴ እውነት ነው። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ የመጣ ደህና የጃፓን ቴስታ፣ አምራቹ ከማይታወቅ አዲስ ሊበልጥ ይችላል። ግን ያ መኪና ለምን እንደተበተነ ማን ያውቃል? እሱም አፍልቶ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይለካ፣ በግፊት ይፈተሽ፣ የሞተሩ ኮድና ቀረጻው ላይ ያለው ቁጥር ይመሳሰል። ሻጩ «ፈትሸህ መልስ» የማይል ከሆነ ሌላ ሱቅ አለ።

«ሞተሩ ተፈትቷል፤ ይሄ መኪና አይገዛም»

በደንብ የተሠራ ቴስታ ዓመታት ይሄዳል። ያልተነካ ነገር ግን ሦስት ጊዜ አፍልቶ ዝም የተባለ ሞተር ነው የሚያስፈራው። ሻጩ የቶርኖ ቤቱን ደረሰኝ ካሳየ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

«ቴስታው ተገጥሞ ሞተሩ ከተነሳ አለቀ»

ገና ነው። ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየሩ፤ በውሃ የተበከለ ዘይት ብሮንዚና ይጨርሳል። ውሃው ሲሞላ ሞተሩ ውስጥ አየር ይቀራል። አየሩ ካልወጣ አዲሱ ቴስታም ያፈላል፤ መካኒኩም ያለጥፋቱ ይሰደባል። መኪናው ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ሂተሩ ተከፍቶ፣ ፋኑ ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪነሳና እስኪጠፋ ይሥራ። ሂተሩ ትኩስ አየር ካልሰጠ አየር ቀርቷል። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ የጎደለውን ሙሉ። ትንሽ መውረድ የተለመደ ነው። በሦስተኛው ቀንም ከጎደለ፣ የሚፈስበትም ካልታየ፣ ወደ ዳገት ሳትወጡ ወደ ጋራዡ ተመለሱ።