የላይኞቹ ዓመታት ፊዚክስ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ፊዚክስ የሚያጠና ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት ከሌሎች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ጋር በጋራ ይማራል። ትምህርት ክፍል ከመረጠ በኋላ ሜካኒክስን፣ ኤሌክትሪክና መግነጢስን፣ ሞገድንና ብርሃንን በካልኩለስ ታግዞ እንደገና ያያቸዋል። የላይኞቹ ዓመታት ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ምሰሶዎቹ አራት ናቸው፦ ክላሲካል ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስ፣ ኳንተም ሜካኒክስና ስታቲስቲካል ፊዚክስ። በዙሪያቸው የጠጣር አካላት ፊዚክስ፣ ኑክሌር ፊዚክስ፣ ዘመናዊ ኦፕቲክስ፣ ኤሌክትሮኒክስና የኮምፒውተር ስሌት ይሰጣሉ። እንደ ዩኒቨርሲቲው ሁኔታ ሥነ ፈለክ፣ የሕክምና ፊዚክስ ወይም የምድር ፊዚክስ በምርጫ ይታከላሉ።

ይህን ሁሉ ለመማር የሚሰጠው ጊዜ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ሲያጥርና ሲረዝም ቆይቷል። የቀድሞው የአራት ዓመት ድግሪ የመሰናዶ ትምህርት ከተዘረጋ በኋላ ወደ ሦስት ዓመት ወርዶ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመለስ እንደገና አራት ሆነ። የዓመታቱ ቁጥር ተራ የአስተዳደር ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ለፊዚክስ ግን አይደለም። ኳንተም ሜካኒክስ ከሊኒየር አልጀብራ ቀድሞ ወይም ከእርሱ ጋር እኩል ሲሰጥ፣ ተማሪው የማትሪክስን ሒሳብና የተፈጥሮን እንግዳ ጠባይ በአንድ ሴሚስተር እንዲውጥ ይገደዳል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ያመልጡታል።

ስለዚህ የላይኞቹ ዓመታት እውነተኛ በር የፊዚክስ የሒሳብ ዘዴዎች የሚባለው ኮርስ ነው። ዲፈረንሺያል እኩልዮሽ፣ የፉሪየር ተከታታይ፣ የቬክተር ካልኩለስና የውስብስብ ቁጥሮች ትንታኔ እዚያ ይሰበሰባሉ። ኮርሱ ለፈተና ብቻ ተጠንቶ የሚታለፍ ከሆነ በቀጣዮቹ ሴሚስተሮች የሚመጣው ሁሉ ይከብዳል።

ክላሲካል ሜካኒክስ ለተማሪው አዲስ ዕቃ አያሳየውም፤ የሚያውቀውን ዕቃ የሚያይበትን መንገድ ግን ይለውጠዋል። በአንድ ፔንዱለም ጫፍ ላይ ሌላ ፔንዱለም ተንጠልጥሏል እንበል። በኒውተን ዘዴ የሚሠራ ሰው በሁለቱም ክሮች ላይ ያለውን ውጥረት እየፈለገ፣ ጉልበቶችን በየአቅጣጫው እየበተነ ገጾችን ይሞላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ላግራንዥ ያቀረበው መንገድ ግን የክሮቹን ውጥረት ከናካቴው አይጠይቅም። ሁለት ማዕዘኖች ይመረጣሉ፤ ከእንቅስቃሴው ኢነርጂ ላይ የአቀማመጡ ኢነርጂ ይቀነሳል፤ ከዚያች ከአንዲት ልዩነት የእንቅስቃሴው እኩልዮሾች በሙሉ ይወጣሉ። ይህንን ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጁ የሠራ ተማሪ ፊዚክስ የቀመር ክምችት እንዳልሆነ ያያል። ጥያቄን በትክክል ማዋቀር ከመልሱ ግማሹ ነው። የላይኞቹ ዓመታት ዋና ትምህርትም ይኸው ይመስለኛል፤ ሌሎቹ ኮርሶች ይህንኑ በሌላ መስክ ደግመው ያስተምራሉ።

ኤሌክትሮዳይናሚክስ የኤሌክትሪክንና የመግነጢስን ሕግጋት የሚያጠቃልሉትን የማክስዌልን አራት እኩልዮሾች ይዞ ከቻርጅና ከሽቦ ወደ ብርሃንና ወደ ራዲዮ ሞገድ ይሻገራል። ይህ ኮርስ በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ሲሰጥ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሌላቸው ምሳሌ በግቢው ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተውና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገና ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰበብ፣ በአባ ፒየር ጉዌን መሪነት የጂኦፊዚክስ (የምድር ፊዚክስ) ኦብዘርቫቶሪ፣ ማለትም የመከታተያ ጣቢያ፣ ተቋቋመ። ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አዲስ አበባ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አቅራቢያ ትገኛለች። በዚያ ቀበቶ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም ይተኛል። በዚህም የተነሣ በቀን ብርሃን፣ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ጠባብና ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። መሬት ላይ ያለው መለኪያ ይህን ጅረት እኩለ ቀን ገደማ በመግነጢሳዊው መስክ ላይ በሚያስከትለው ጭማሪ ይይዘዋል። አንድ መምህር የማክስዌልን እኩልዮሽ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ወደዚህ መዝገብ ቢያመለክት፣ ተማሪው የሚማረው ነገር በራሱ ሰማይ ላይ እንዳለ ይገባዋል። ከዚያው ኦብዘርቫቶሪ ያደገው የጂኦፊዚክስ፣ የሕዋ ሳይንስና የሥነ ፈለክ ኢንስቲትዩት በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ ሕዝብ ማብራሪያ የጠበቀበት ተቋም ነው።

ኳንተም ሜካኒክስ ብዙውን ጊዜ በሁለት ተከታታይ ኮርሶች ይሰጣል። በሳጥን ውስጥ የታሰረ ቅንጣት፣ ግድግዳን ሰርስሮ የሚያልፍ ኤሌክትሮን፣ ሃርሞኒክ ኦሲሌተር፣ በመጨረሻም የሃይድሮጅን አቶም ይመጣሉ። ሽሮዲንገር እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣው እኩልዮሽ ለሃይድሮጅን ተፈትቶ ኤሌክትሮኑን ከአቶሙ ለመንቀል የሚያስፈልገው የ13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ኢነርጂ ሲገኝ፣ ከዚያ በፊት የነበረው የወራት ልፋት ይካሳል። ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ነገሩ በትክክል የሚብላላው ግን ከክፍል ውጭ፣ ተማሪዎች በአማርኛ ወይም በሌላ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተከራክረው የየራሳቸውን መረዳት ሲፈትሹ ነው። መምህራን ይህን ክርክር ወደ ክፍል ቢያስገቡት ትምህርቱ ብዙ ያተርፋል።

ስታቲስቲካል ፊዚክስ ከአራቱ ምሰሶዎች የሚገባውን ክብር ያላገኘው ነው ብዬ አምናለሁ። ሙቀት ለምን ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እንደሚሄድ፣ ኢንትሮፒ ምን እንደሚለካ፣ እጅግ ብዙ ሞለኪውሎች ተሰብስበው እንዴት አንድ ቴርሞሜትር የሚያነበውን ቁጥር እንደሚሰጡ የሚያስረዳው ይህ ኮርስ ነው። በአገራችን ይህ ዘርፍ ከአንድ ስም ጋር የተሳሰረ ነው። ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለሰባት ዓመታት ያህል ታስረው ሳለ አብረዋቸው የታሰሩትን ያስተምሩ ነበር፤ ከእስር ወጥተው በሕንድ ባንጋሎር የዶክትሬት ድግሪያቸውን ሠሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ስታቲስቲካል ፊዚክስን ሲያስተምሩና ሲመራመሩ ኖሩ። የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ለሰብዓዊ መብት ጥብቅና የሚሰጠውን የሳካሮቭ ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ እርሳቸው ናቸው። ይህን ኮርስ የሚወስድ ተማሪ ሁሉ ታሪካቸውን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

የጠጣር አካላት ፊዚክስ ኳንተምንና ስታቲስቲካል ፊዚክስን አገናኝቶ ሲሊከን ለምን ትራንዚስተር እንደሚሆን ያሳያል። ኑክሌር ፊዚክስ ደግሞ ወደ ጨረር ሕክምና የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል።

ትልቁ ጭንቀት ያለው ቤተ ሙከራው ላይ ነው። ፍራንክና ኸርትዝ እ.ኤ.አ. በ1914 ያካሄዱትን ሙከራ እንውሰድ። የሜርኩሪ ትነት ባለበት ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ይላካሉ፤ ቮልቴጁ ቀስ እያለ ሲጨምር ጅረቱም ያድጋል፤ ከዚያ በድንገት ይወርዳል፤ እንደገና ያድጋል፤ እንደገና ይወርዳል። በሁለት ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 4.9 ቮልት ገደማ ነው። ተማሪው ነጥቦቹን አንድ በአንድ በግራፍ ወረቀት ላይ ሲያኖር፣ አቶሙ ከተወሰነ መጠን በታች የሆነውን ኢነርጂ እንደማይቀበል በዓይኑ ያያል። ይህን የሚተካ ትምህርት የለም። ቱቦው ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያም በየቦታው አይገኝም። መሣሪያ በሌለበት ሙከራው በሰሌዳ ላይ ይተረካል፤ ተማሪውም ያልለካውን ቁጥር ይሸመድዳል። አዲስ ትምህርት ክፍል ከመክፈት በፊት ያሉትን ቤተ ሙከራዎች ማሟላት ይቀድማል።

የኮምፒውተር ስሌት ኮርስ ክፍተቱን በከፊል ይደፍናል። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት መስመሮች ጽፎ ባለ ሁለት ክሩን ፔንዱለም ማስኬድ ይቻላል፤ ሶፍትዌሩም ነጻ ነው። የሙከራ ምትክ አድርጎ መቁጠር ግን ስህተት ነው፤ ኮምፒውተር የሚመልሰው የተነገረውን እኩልዮሽ ብቻ ነው፤ ከተፈጥሮ የሚመጣ ያልተጠበቀ መልስ አይሰጥም።

በመጨረሻው ዓመት ተማሪው በመምህር አማካሪነት የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊውን የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ከተመራቂዎቹ ብዙዎቹ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርነት ይሄዳሉ፤ ሌሎች በሁለተኛ ድግሪ ይቀጥላሉ፤ ጥቂቶች ወደ ሆስፒታሎች የጨረር ክፍል፣ ወደ ሜትሮሎጂ ወይም ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ወዳሉበት ወደ እንጦጦ ይዘልቃሉ።