«ፈሪ ለእናቱ» የት ተወለደ?

ሰሞኑን «ፈሪ ለእናቱ» የማይባልበት ቦታ የለም። መኪና ቀስ ብሎ የሚነዳው ፈሪ ለእናቱ ነው። ቁማር አልጫወትም ያለውም እንደዚያው። እንዲያውም አንዳንዱ እንደ ምርቃት ይወስደዋል፤ ፈራሁ፣ ተረፍኩ፣ እናቴን አየሁ ለማለት። ተረቱ ግን ከጥንቃቄ ጋር ጉዳይ የለውም። የሚናገረው ጓዱን ጦር ሜዳ ጥሎ ስለመጣ ሰው ነው።

እኔ የተወለደው ለቅሶ ላይ ነው ባይ ነኝ። ልጅ ሆኜ ጎጃም ገጠር ያየሁት ለቅሶ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። የሟቹ በቅሎ ተጭና፣ ግላስ ለብሳ፣ የሚቀመጥባት ሳይኖር ትሳባለች። ጠመንጃውንና ካባውን ዘመድ ይዞ መሀል ሜዳ ይዞራል። አልቃሿ ሰውየው የዘመተበትን፣ የጣለውን፣ ቆስሎ እንኳ አልመለስም ያለበትን እየገጠመች ታወርዳለች፤ ሕዝቡም ደረቱን እየመታ ይቀበላታል። ጀግና የሚጠራው በፈረስ ስሙ ነው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ እንደተባሉት። ከዘመቻ የሸሸውን ግን በምን ትጥራው? የሚጠራበት ፈረስ የለው፣ የዋለበት የለው። የቀራት እናቱን ማንሳት ብቻ ነው፤ ለእናቱ ደግ ነበር ብላ ትዘጋዋለች። በእኔ ግምት «ፈሪ ለእናቱ» ከዚያች ጭንቅ የወጣች ናት።

ደግሞ መሸሽ ያኔ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። በ1888 ዓ.ም. የምኒልክ የክተት አዋጅ ምን አለ? «ወስልተህ የቀረህ እንደሆነ ግን ኋላ ትጣላኛለህ፤ አልተውህም፤ ማርያምን ለዚህ አማላጅ የለኝም»። አድዋ ላይም የኋላው ሰልፈኛ ሲያመነታ እቴጌ ጣይቱ ናቸው በርታ፣ በለው እያሉ ያደፋፈሩት። ሴት ቆማ እያየችው ማን ዞሮ ይሮጣል? ከአዋጁ ጫካ ገብቶ የሚያመልጥ ይኖር ይሆናል፤ ከአልቃሿ ግጥም ግን ሞቶም አያመልጥ።

ስለዚህ ሰካራም ገፍትሮት ዝም ብሎ ወደ ቤቱ የሄደን ልጅ ፈሪ ለእናቱ አትበሉት። እሱ ማንን ጥሎ ሄደ? ካማራችሁ ለሚገባው አውሉት፤ አብረን እንጋፈጣለን ብሎ ምሎ፣ ነገሩ ሲጠና ስልኩን ለሚያጠፋው።