የሮክ ክራውለር ጎማን ማክበድ፦ በጎንደር ድንጋይ ላይ

ሮክ ክራውለር በሪሞት የሚነዳ፣ ለፍጥነት ሳይሆን ድንጋይ ቆንጥጦ ለመውጣት የተሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። አራቱም ጎማዎቹ ኃይል አላቸው፤ ማርሹ እጅግ ዝግ ያለ ነው፤ ለስላሳው ጎማ ውስጥ ያለው የተነፋ አየር ሳይሆን ስፖንጅ ነው። የዚህን መኪና አቅም ለማሻሻል ከሚደረጉት ነገሮች ሁሉ ዋጋው ትንሽ፣ ውጤቱም ወዲያው የሚታይ ጎማው ውስጥ ክብደት መጨመር ነው። ብዙ ሰው ስንት ግራም ልጨምር እያለ ሲጨነቅ የት ልጨምር የሚለውን ይዘነጋል። የሚወስነው ግን ግራሙ ሳይሆን ቦታው ነው።

ጎንደር ለዚህ ጨዋታ የተመቸች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከጎሃ ተራራ ወገብ ላይ ስለታም ጠርዝ ያለው፣ ጎማን የሚይዝ ሸካራ ድንጋይ አለ። ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ወንዞች ሲወረድ ደግሞ ውኃ ያለሰለሰው ድቡልቡል ድንጋይ ይገኛል። ሁለቱ ከመኪናው የሚጠይቁት የተለያየ ነው፤ ሸካራው ላይ መኪናው የሚሸነፈው ወደ ኋላ በመገልበጥ ሲሆን፣ ለስላሳው ላይ ግን በመንሸራተት ነው። ጎማ ውስጥ የገባ ክብደት ለሁለቱም ይረዳል፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ለመጀመሪያው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፦ ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። የግንቡ ግድግዳ፣ የፈረሰው አጥርም ሆነ የፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያለው ካብ የመኪና መንጃ አይደለም። ትንሽ መኪናም ብትሆን ካብ ታናጋለች፤ ኖራ ታራግፋለች። ተራራውና የወንዙ ዳር ለሁሉም ይበቃል።

ክብደት መጨመር ለምን እንደሚሠራ በቁጥር ማየት ይቻላል። በጣም የተለመደው መጠን የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የሆነው ነው። 2.5 ኪሎ የሚመዝን፣ የፊትና የኋላ አክስሉ 31.3 ሴንቲ ሜትር የተራራቀ፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ የሆነ መኪና እንውሰድ። እንዲህ ያለው መኪና ቀጥ ብሎ ሲወጣ 57 ዲግሪ ላይ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ውስጥ 150፣ 150 ግራም ሲጨመር የፊቱ ድርሻ ከ50 ወደ 55 በመቶ ያድጋል፤ የክብደት ማዕከሉም ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ መገልበጫውም 61 ዲግሪ ይሆናል። ያው 300 ግራም የኋላ ጎማዎች ውስጥ ቢገባስ? ከ56 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ማለትም ምንም ካልተጨመረበት መኪና የባሰ ይሆናል። ግራሙ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ግን ከ5 ዲግሪ በላይ ነው። ሊማሊሞን ኋላውን ከልክ በላይ ተጭኖ የወጣ አይሱዙ ነድቶ መሪው የቀለለበት ሾፌር ነገሩን ያለ ስሌት ያውቀዋል።

ፊቱን ማክበድ ቁልቁለት ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ በዚያው ምሳሌ ወደ ፊት የመገልበጫው ማዕዘን አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ቁልቁለትን በዝግታና በሞተር ብሬክ መውረድ ይቻላል፤ ዳገት ላይ ግን የፊት ጎማ አንዴ ከተነሣ መሪም መጎተቻም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፊቱን ማክበድ ያዋጣል ባይ ነኝ። በጎን እንዳይገለበጥም ያግዛል፤ ሆኖም ጥቅሙ እንደ ዳገቱ አይደለም። በአንጻሩ የመኪናውን ጣሪያ በጀሪካን፣ በመብራትና በዕቃ መጫኛ ማስጌጥ የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ ጣሪያ ላይ የወጣ 200 ግራም ጎማ ውስጥ በተጨመረው ክብደት የተገኘውን የጎን ሚዛን ሙሉ በሙሉ ይበላል።

የዚህ ሙያ ታሪክ አጭር ነው። የሪሞት መኪና አምራቹ ታሚያ በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ክሎድ በስተር የተባለው ሞተሮቹ አክስሎቹ ላይ የተቀመጡ፣ አራቱም ጎማዎቹ የሚታጠፉ ትልቅ መኪና ነበር። ያ አክስል በኋላ በእጅ ለተሠሩ የውድድር ክራውለሮች መነሻ ሆነ፤ ከባዱ ዕቃ ታች መሆኑ ጥቅም እንዳለውም አሳየ። በ2017 እ.ኤ.አ. የመጣው፣ ትራክሳስ የተባለው ሌላ አምራች መኪና ቲአርኤክስ ፎር አክስሉን ከጎማው መሃል ከፍ የሚያደርገውን ፖርታል የሚባለውን ማርሽ ይዞ ከፋብሪካ ወጣ። ከዚያም በ2019 አክሲያል የተባለው አምራች፣ በ2022 ትራክሳስ መዳፍ ላይ የሚቀመጡ ትንንሾቹን አስከተሉ።

ጎንደር ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የጎማ ክብደት ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም፤ ጎሚስታ ዘንድ አለ። የመኪና ጎማ ባላንስ ሲደረግ ቸርኬው ላይ የሚለጠፈው፣ ጀርባው ማጣበቂያ ያለው ክብደት 5 እና 10 ግራም በሆኑ ቁራጮች ተከፋፍሎ በዝርግ ይሸጣል፤ አንዱ ዝርግ ብዙ ጊዜ 60 ግራም ነው። በመቀስ ወይም በእጅ እየታጠፈ ይቆረጣል። ከብረት የተሠራውን መምረጥ ይሻላል። እርሳስ ይከብዳል፤ አንድ ሜትር ኩብ 11.3 ቶን ሲመዝን ብረት 7.9 ብቻ ነው፤ ናስ 8.5 ይሆናል። ይሁንና እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ ልጆች በሚጫወቱበት ቤት። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ለመኪና ጎማ ባላንስ እርሳስን ከልክለው በብረትና በዚንክ ተክተውታል። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ አውጥቶ ቤት ውስጥ ማቅለጥ ፈጽሞ የማይሞከር ነገር ነው፤ ጭሱና አቧራው የልጅ አእምሮ ይጎዳል፤ አሲዱም ያቃጥላል። ጠበቅ ያለ ነገር የፈለገ ሰው ቶርኖ ቤት ሄዶ ከናስ ዘንግ በቸርኬው ልክ ቀለበት ማስወጣት ይችላል፤ በትንሽ ቦታ ብዙ ክብደት የሚገኘውም በዚህ መንገድ ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቢድሎክ የሚባለው ቸርኬ ጎማውን በቀለበትና በቡሎን ጨምቆ ስለሚይዝ በካቻቢቴ ይፈታል፤ በሱፐር ግሉ የተጣበቀውን ግን በአሴቶን ማላቀቅ ግድ ነው። ከዚያ የቸርኬው ሆድ በአልኮል ይወለወላል። የጣት ቅባት ከቀረበት ማጣበቂያው ለጊዜው የያዘ ይመስልና ከጥቂት ሰዓት መንዳት በኋላ ክብደቱ ጎማው ውስጥ ሲንኳኳ ይሰማል። ዝርጉ በቸርኬው ወገብ ዙሪያ ሳይደራረብ ይጠመጠማል፤ በላዩ ጠንካራ ቴፕ ሁለት ዙር ይዞራል። ስፖንጁ ከውስጥ በኩል ክብደቱ በያዘው ውፍረት ልክ ይቆረጣል። ይህ የሚዘለል ነገር አይደለም፤ ሳይቆረጥ የተጨመቀ ስፖንጅ ጎማውን ያደነድነዋል፤ ደንዳና ጎማ ደግሞ የድንጋዩን ቅርጽ ስለማይይዝ የተደከመለትን መጎተቻ ያሳጣል። በመጨረሻ ግራና ቀኙ በቤት ሚዛን ተመዝኖ እኩል ይደረጋል። በዚህ ዝግታ የጎማው መንቀጥቀጥ አያሳስብም፤ አንዱ ወገን ከሌላው ከከበደ ግን መኪናው ወደዚያው ያዘነብላል።

ክብደቱ ከጎማው ላስቲክ ጋር ሳይሆን ከቸርኬው ጋር መሆኑ ሌላም ምክንያት አለው። የሚሽከረከር ዕቃ ከመሃሉ በራቀ ቁጥር ለማስነሣትና ለማቆም ይከብዳል። በአንድ አሥረኛው መኪና ጎማ ቸርኬው ላይ የተለጠፈ 100 ግራም ሞተሩ ሲያስነሣው 118 ግራም ያህል ይሰማዋል፤ ላስቲኩ ውስጥ የፈሰሰ 100 ግራም የአየር ጠመንጃ ድቡልቡል ጥይት ወይም አሸዋ ግን ወደ 175 ይጠጋል። ጥይቱ ከዚህም በላይ በየዳገቱ እየተንሸራተተ ሚዛኑን ያናጋል። ከሁሉ የሚሻለው ጨርሶ የማይሽከረከር ክብደት ነው፦ ጎማው ለመታጠፍ የሚዞርበትን ናክል የሚባለውን ዕቃ ከናስ በተሠራ መተካት። ዋጋው ግን ከጎሚስታው ዝርግ ጋር አይወዳደርም።

ስንት ይበቃል? ለአንድ አሥረኛው መኪና በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ከ60 እስከ 150 ግራም ጥሩ ነው፤ ኋላውን ባዶ መተው ወይም ከፊቱ ሲሶ አለማሳለፍ ይመከራል። በ60 ጀምሮ አንድን ድንጋይ ደጋግሞ ወጥቶ መጨመር በአንዴ ከመጫን ይሻላል። ከልክ ያለፈ ክብደት መጀመሪያ የሚጎዳው መሪውን የሚያዞረውን ሰርቮ ነው፤ ጎማው ድንጋይ መሃል ተቆልፎ ሳለ መሪ ሲጠመዘዝ የፕላስቲክ ጥርሱ ይረግፋል። ከዚያ አክስሉና ኩሽኔታዎቹ ይከተላሉ። ሞተሩም ይሞቃል። በጎንደር ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠረፍ በአምስተኛ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ነዳጅ ሞተር ኃይል ባይቀንስም ቶሎ አይቀዘቅዝም። ጣት ሊያርፍበት የማይችል ሞተር ዕረፍት ይፈልጋል።

ለትንንሾቹ መኪኖች ግራሙ በጣም ይወርዳል፤ ለእነርሱ ከናስ የተሠራ ቸርኬ ብቻውን በቂ ነው።

ክረምት ሲገባ ሥራው ይለወጣል። ጎማዎች አየር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ስላሏቸው ቀሃ ዳር የተነዳ መኪና ስፖንጁን ውኃ ያጠጣል፤ ያ ውኃ ራሱ ግራና ቀኝ እኩል ያልሆነ ክብደት ይሆናል፤ የብረቱን ዝርግም ያዝጋል፤ ማጣበቂያውንም ያላቅቃል። ከጭቃ የተመለሰ ጎማ ተፈትቶ፣ ስፖንጁ ተጨምቆ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ የዛገው ዝርግ ይቀየራል፤ ቴፑ እንደ አዲስ ይታሰራል፤ የቸርኬውን ቀለበት የያዙት ቡሎኖችም አንድ በአንድ ይጠበቃሉ።