«ሲበዛ ማርም ይመራል» ሲባል ጥፋቱ የማሩ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ አንዱ ልጅ ስለ ደሞዝ ጭማሪ ጠየቀ። አለቃው ፈገግ ብሎ «ሲበዛ ማርም ይመራል» አለና አስቀመጠው። ሰዉ ሳቀ፣ እኔ ግን ደሜ ፈላ። ምኑ በዝቶለት ነው የሚመረው?

ይህን ተረት ያወጣው ማር ቆራጭ ነው ባይ ነኝ። ማስረጃ ካላችሁኝ ልጅነቴ ነው። አያቴ ማር የሚቆርጠው ከመሸ በኋላ ነበር። ኩበት ያጨስና ቀፎው አፍ ላይ እፍ እፍ ይላል፤ ንቦቹ ሲሸሹለት እጁን እስከ ክንዱ ሰዶ ከነሰፈፉ እየሳበ ገበቴው ላይ ያኖረዋል። ለእኛ የሚደርሰን በነፍስ ወከፍ አንዳንድ ቁራጭ ነው። አንድ ማታ ታዲያ ገበቴውን ለብቻዬ አገኘሁትና እስኪበቃኝ በላሁ፣ ከበቃኝም በኋላ አላቆምኩም። መጀመሪያ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፣ ቀጥሎ ምራቄ ሬት ሆነ፣ ከዚያ ያለውን ሌሊት ተዉት። ጠዋት ስነሳ አያቴ ከዚያው ገበቴ በዳቦ እያጠቀሰ ይበላል። ማሩ ያው ማር ነው። የመረረው የእኔ አፍ ነው።

ተረቱ የመጣው ከቁልቋል ማር ይሆን ብዬም አስቤ ነበር፤ ግን እሱ ገና ሲቀምሱት ያቃጥላል፣ መብዛት አያስፈልገውም።

ነገሩ ይበልጥ የገባኝ ዩኒቨርሲቲ፣ ስለ ሻጋታ ስማር ነው (አትሳቁ)። ኒውሮስፖራ ክራሳ የሚባል ብርቱካናማ ሻጋታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 ሮም ውስጥ ሮማኖና ማቺኖ የተባሉ ተመራማሪዎች ቀለሙን ከሚያሠሩት ጂኖች ተጨማሪ ቅጂ አስገቡበት። ቀለሙ ይደምቃል ትላላችሁ አይደል? ቅጂ ከገባባቸው ውስጥ እስከ 36 በመቶ የሚደርሱት ጭራሽ ነጡ! የገባው ብቻ ሳይሆን የራሱ የሻጋታው ጂንም አብሮ ዝም አለ። ስሙን «ኩዌሊንግ» አሉት፣ ጸጥ ማሰኘት እንደማለት።

ሻጋታው ቅጂ ሲበዛበት ይጠረጥራል። ከትርፎቹ የወጣውን አርኤንኤ (የጂኑን መልእክት የሚይዘውን ክር) አንድ ኢንዛይም ጥንድ ክር ያደርገዋል፣ ዳይሰር የሚባለው ይከትፈዋል፣ ከዚያ ሌላ ፕሮቲን አንዷን ቁራጭ እንደ ናሙና ይዞ ከእሷ ጋር የሚገጥመውን መልእክት እያደነ ያጠፋል። ጂኑ ራሱ ግን ዲኤንኤው ላይ እንዳለ ነው፣ ማንም አልፋቀውም። ትርፎቹ ቅጂዎች እየቀነሱ ሲሄዱ ብርቱካናማው ቀለም ይመለሳል። አያቴ ጠዋት በዳቦ ሲበላ እንዳየሁት ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ማሩን ጠጅ የሚያደርገው እርሾ፣ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ፣ ይህ ጂን ጸጥ የሚያሰኝ መሣሪያ ከነጭራሹ የለውም፤ በዝግመተ ለውጥ ጥሎታል። ጠጅ ቤት የሚውል ሰው መብዛት የማይገባው ከእሱ ተምሮ ይሆናል።

እናም ተረቱን ቦታው ላይ እናድርገው። ሠርግ ላይ አምስተኛ ብርሌ ለሚያስሞላ አጎት በሉት፣ ያምርበታል። ለልጇ በየቀኑ አሥር ጊዜ ለምትደውል እናትም ይሁን፣ በስሱ። ያ ስብሰባ ላይ አፉን የተዘጋው ልጅ ግን ገና ጣቱን እንኳ ገበቴው ውስጥ አልነከረም።