ያልጨረሱት መንገድ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ዛሬ ስለ አንዲት የውሃ ተርብ ላጫውታችሁ። በሳይንሳዊ ስሟ ፓንታላ ፍላቨሰንስ ትባላለች። ቁመቷ 4.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰውነቷ ወርቅማ ቢጫ፣ ዓይኖቿ ቀላ ያሉና ትልልቅ ናቸው። የኋላ ክንፎቿ ከሥራቸው ሰፋ ስለሚሉ ብዙ ሳታርገበግብ ነፋስ ላይ ትንሳፈፋለች። በሞቃት አገሮች ሁሉ አለች፤ እኛም አገር ትገኛለች።

እንቁላሏን የምትጥለው ዝናብ ባቆረው ውሃ ነው። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ቶሎ ያድጋል፤ በስድስት ሳምንት ገደማ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። ኩሬው ደግሞ ይደርቃል። ስለዚህ ዝናብ ወዳለበት መሄድ ግድ ነው።

ቻርልስ አንደርሰን የተባለ ተመራማሪ በህንድ ውቅያኖስ ባለችው የደሴቶች አገር በማልዲቭስ ሲኖር፣ እነዚህ የውሃ ተርቦች በየዓመቱ በጥቅምት ግድም በብዛት ሲመጡ ያያል። ደሴቶቹ ላይ ጨው የሌለው ኩሬ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ምን ፍለጋ መጡ? በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳለው፣ ከህንድ ተነስተው በነፋስ ታግዘው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እያለፉ ነው። ደርሶ መልሱ ከ14,000 እስከ 18,000 ኪሎ ሜትር ይገመታል።

እኔን የነካኝ ግን ይሄ ነው፦ የተነሳችው አትመለስም። ዙሩ አራት ትውልድ ያህል ይፈጃል ይላሉ። የሚመለሱት ዘሮቿ ናቸው። መንገዱን ማን አሳያቸው? እናት አጠገባቸው የለችም። እግዚአብሔር ኢዮብን «ጭልፊት የሚበረው በአንተ ጥበብ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀው እንዲህ ያለውን ነው (ኢዮብ 39፥26)።

ዕብራውያን 11፥13 ላይ አባቶቻችን ተስፋውን ሳያገኙ፣ ከሩቅ አይተው ተሳልመው በእምነት እንደሞቱ ተጽፏል። አብርሃም ምድሪቱ ሁሉ ተስፋ ተሰጥቶት፣ ሣራ ስትሞት መቀበሪያዋን በ400 ሰቅል ብር ገዛ። አስቡት፤ የራሱ ርስት በተባለ አገር! ሙሴም ከናባው ተራራ አየ እንጂ አልገባም።

እኛ ደግሞ ሁሉን በዓይናችን ካላየን ጸሎታችን የባከነ ይመስለናል። ለልጇ ስታለቅስ ኖራ መልሱን ሳታይ ያለፈች እናት ስንት አለች? እግዚአብሔር አልሰማትም አንበል። እሷ የድርሻዋን ሄዳለች፤ ጌታ ደግሞ ሥራውን አላቆመም።

በዚህ ሳምንት፣ ለዓመታት የጸለያችሁበትን አንድ ጉዳይ ለአንድ ወጣት ንገሩት። አሁን አብሯችሁ ይጸልይ፤ ከእናንተም በኋላ ይቀጥልበት።