10,000 የተባለው ፓወር ባንክ 6,400 ሲሰጥ

ፓወር ባንኩ ላይ 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh፣ የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን) ተጽፏል፤ በዩኤስቢ መለኪያ (የሚወጣውን በሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ) ሲፈተሽ ግን ቁጥሩ 6,400 ላይ ቆመ። ተጭበረበርኩ ለማለት አይቸኩሉ።

የተጻፈው ቁጥር የውስጡ ባትሪ በራሱ 3.7 ቮልት የሚይዘው ነው። በዩኤስቢ የሚወጣው ደግሞ 5 ቮልት ነው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ሚሊአምፒር-ሰዓቱ ይቀንሳል። እናስላው፦ 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ማለት 10 አምፒር-ሰዓት ነው፤ በ3.7 ሲባዛ 37 ዋት-ሰዓት (ጠቅላላው ጉልበት)፤ 37 ለ5 ሲካፈል 7.4፣ ማለትም 7,400። ከዚያ ላይ ቮልቴጁን የሚቀይረው ሰርኪዩት ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉን በሙቀት መልክ ይበላል (ሲሠራ ለብ የሚለውም ለዚህ ነው)። ስለዚህ 6,400 ጤነኛ ውጤት ነው።

ሲፈትሹ መጀመሪያ ጥግ ድረስ ይሙሉት፤ ከዚያ 1 አምፒር ያህል ሳያቋርጥ የሚስብ ነገር ሰክተው ራሱ እስኪጠፋ ይጠብቁ። ስልክ ለዚህ አይመችም፤ እየሞላ ሲሄድ የሚስበው እየቀነሰ ይመጣል። በፈጣን ቻርጅ በ9 ቮልት ከለኩ ደግሞ 3,600 ገደማ አይተው ሊደነግጡ ይችላሉ። እኔ ሚሊአምፒር-ሰዓቱን ትቼ ዋት-ሰዓቱን ነው የማነበው፤ ቮልቴጅ ሲቀያየር እሱ አያምታታም።

20,000 ተብሎ 3,000 የሚሰጠውን ግን የትኛውም ስሌት አያድነውም።