የቦርድ የፆታ ተዋጽኦ ሕግ ምንድን ነው?

አንድ ኩባንያ በዳይሬክተሮች ቦርዱ ውስጥ ከሴትም ከወንድም ቢያንስ ስንት አባል ሊኖረው እንደሚገባ በቁጥር የሚደነግግ ሕግ ነው። በአክሲዮን ኩባንያዎች ላይ ቀድማ የደነገገችው ኖርዌይ ናት፤ ሕጉ የጸደቀው በ2003 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሕጉ «40 በመቶ» ተብሎ ቢታወቅም መቶኛው የሚሠራው ቦርዱ ከዘጠኝ ሰው ሲበልጥ ብቻ ነው። ከዚያ በታች በሰው ይቆጠራል፦ ሁለት ወይም ሦስት አባላት ካሉ ሁለቱም ፆታ መኖር አለበት፤ ለአራትና ለአምስት ከእያንዳንዱ ቢያንስ 2፣ ከስድስት እስከ ስምንት 3፣ ለዘጠኝ 4። ስለዚህ ከዘጠኝ መቀመጫ ስድስቱን ሴቶች ቢይዙትም ሕጉ ተጥሷል። «የሴቶች ኮታ» የሚሉት ሰዎች ይህን ይስቱታል። ሠራተኞች የሚመርጧቸው አባላትም ከባለአክሲዮኖቹ ተመራጮች ጋር አይደመሩም።

በመጀመሪያ ኩባንያዎቹ በውዴታ እንዲያሟሉ ጊዜ ተሰጣቸው፤ አላሟሉም። ከ2006 ጀምሮ ግዴታ ሆነ፤ ነባሮቹ እስከ 2008 መባቻ ተፈቀደላቸው። የመጨረሻው ቅጣት ከባድ ነው፤ ፍርድ ቤት ኩባንያውን ያፈርሰዋል። አንዳንዶቹ ሕጉ ያኔ ወደማይነካው የኩባንያ ዓይነት ተለውጠው አመለጡ። ጀርመን ከ2016 ጀምሮ ለትልልቅ ኩባንያዎች ተቆጣጣሪ ቦርድ ያስገደደችው 30 በመቶ ለዘብ ያለ ነው፦ ተዋጽኦውን የሚያፋልስ ምርጫ ዋጋ ያጣል፣ ወንበሩም ባዶ ይቀራል።

ሕጉ የማይደርስበት ቦታም አለ። ግዴታው በቦርድ ላይ እንጂ በሥራ አስፈጻሚዎች ላይ ስላልሆነ፣ በኖርዌይ ቦርዱ ሲሞላ የዋና ሥራ አስፈጻሚው ወንበር ብዙም አልተነቃነቀም።

በተግባር የሚያደናቅፈው ግን የምርጫው ስልት ነው። እንደ እኛ አገር ባንኮች እጩዎች በየግላቸው ድምፅ አግኝተው ብልጫ ያላቸው የሚያልፉ ከሆነ፣ ጥቆማና ምርጫ ኮሚቴው የፈለገውን ያህል ሴት ቢያቀርብ ውጤቱን የሚወስኑት ብዙ አክሲዮን የያዙት ናቸው። መፍትሔው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት መቀመጫውን መለየት ነው፤ ለምሳሌ ከዘጠኙ አራቱን ለሴት፣ አራቱን ለወንድ መድቦ በየዝርዝሩ ማወዳደር፣ ዘጠነኛውን ከቀሪዎቹ ከፍተኛ ድምፅ ላገኘ መስጠት። ተጠባባቂዎችም በፆታ ተለይተው መመረጥ አለባቸው። ሦስት ወንድና ሁለት ሴት ካሉበት ቦርድ አንዷ ስትለቅ ወንድ ተጠባባቂ ከገባ፣ ቦርዱ ያን ዕለት ከሕጉ ውጭ ነው።